ሩቅ ከማን? ወደ ኢቶኮርቶርሚት የሚወስደው መንገድ



«ሩቅ» የምንለው ቦታ ሩቅ የሆነው በተፈጥሮ ብቻ ነውን? ጥያቄውን ለመመርመር በምሥራቅ ግሪንላንድ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ70ኛው ዲግሪ አካባቢ ወደምትገኘው ኢቶኮርቶርሚት የሚያደርሰውን መንገድ እንከተል። የመንደሯ ነዋሪዎች 350 ያህል ናቸው።

ተጓዡ ከአይስላንድ በትንሽ አውሮፕላን ተነሥቶ ኔርሌሪት ኢናት በተባለው ማረፊያ ይወርዳል። መንደሯ ግን ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በመካከሉም የመኪና መንገድ የለም። ቀሪው ጉዞ በሄሊኮፕተር ወይም፣ ባሕሩ በረዶ ሲሆን፣ ውሾች በሚጎትቱት ሸርተቴ ነው። ማረፊያው ከሰው መኖሪያ ይህን ያህል የራቀው በ1980ዎቹ የተሠራው ለነዳጅ ዘይት ፈላጊዎች እንጂ ለመንደሯ ስላልነበረ ነው። ፈላጊዎቹ ሄዱ፤ ማረፊያው ቀረ። ስለዚህም ወደ ገዛ ዋና ከተማው ወደ ኑክ የሚሄድ ነዋሪ በሌላ አገር፣ በአይስላንድ በኩል ማለፍ የተለመደ ሆነ።

የባሕሩ መንገድ ደግሞ በዓመት ዘጠኝ ወር ያህል በበረዶ ይዘጋል። የዕቃ መርከብ የሚደርሰው በአጭሩ በጋ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ነዳጁም፣ ዱቄቱም፣ የቤት መሥሪያ እንጨቱም ለዓመት ታስቦ ይታዘዛል።

ሰው በዚህ ስፍራ እንዴት ሰፈረ? እ.ኤ.አ. በ1925 በዴንማርካዊው አይናር ሚከልሰን አስተባባሪነት ከ70 በላይ ኢኑዊቶች 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከአማሳሊክ መጥተው ሰፈሩ። አንደኛው ምክንያት በአማሳሊክ የአደን ሀብት ለሕዝቡ አለመብቃቱ ነበር። ሁለተኛው ፖለቲካዊ ነው፤ ኖርዌይ በምሥራቅ ግሪንላንድ ላይ የይገባኛል ጥያቄ ስታነሣ፣ ዴንማርክ ምድሪቱ ሰው ያለባት መሆኗን ማሳየት ፈለገች። በሄግ የነበረው ቋሚው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም በ1933 ለዴንማርክ ፈረደ።

ሆኖም ሰፋሪዎቹን የመንግሥት መጠቀሚያ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ከመንደሯ አቅራቢያ፣ በፊዮርዱ አፍ ላይ፣ በክረምትም የማይረጋ ውሃ አለ። ሲልና ዋልረስ የተባሉት የባሕር እንስሳት ለመተንፈስ ወደዚያ ይመጣሉ፤ አዳኙም ይከተላቸዋል። ለመርከበኛው የዓለም ዳርቻ የሆነው ስፍራ ለአዳኙ ከምግቡ ደጃፍ ነው።

እንግዲህ ቅዝቃዜውና በረዶው የተፈጥሮ ናቸው፤ የማረፊያው ቦታና የጉዞው መሥመር ግን የሰው ውሳኔ ናቸው። ወደፊት በጥናታችሁ «ሩቅ መንደር» የሚል ሐረግ ስታገኙ፣ «ሩቅ ከማን? መንገዱንስ ለማን ሲባል እንዲህ ቀየሱት?» ብላችሁ ጠይቁ።