ዱባይ ሄደው የሰው ዝርዝር ሲሸከሙ ከረሙ!

ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው የሚያወራው ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ነው። ሆቴል ውስጥ ስለተነሳው ጭቅጭቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። የዛሬዎቹ ባለታሪኮቻችን ግን ተንፍሰዋል፤ "ስማችንን ብቻ ተወው" ብለውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ባል ሥራ ፈትቶ በነበረበት ጊዜ ሚስት የጋብቻ ቀለበቷን ሸጣ የቤት ኪራይ ከፈለች። ኑሮ ሲቃናላቸው "ዱባይ ሄደን ሌላ እገዛልሻለሁ" አላትና ለአምስት ቀን ተነሡ። ጉዞው የተሰማ ዕለት ግን ዝርዝሩ ጎረፈ! ለእህቱ ሽቶ፣ ለአክስቷ ጫማ፣ ለጎረቤት ልጅ ስልክ... "ሂሳቡን ስትመጡ እንተሳሰባለን" ባዩ ደግሞ ብዛቱ!

አራት ቀን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ሲንከራተቱ ምሳ እንኳ ቆመው ነበር የሚበሉት። በአራተኛው ማታ አልጋው ላይ ገንዘቡን ሲቆጥሩት ለቀለበቱ የተያዘው ሄዷል። ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"የመጣኸው ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከዝርዝሩ ጋር?"

ባል መልስ አልነበረውም። ሲነጋ ግን ዝርዝሩን ሻንጣ ውስጥ ቆለፈበት። 200 ድርሃም ኪሱ ከተተና "ዛሬ ለማንም ምንም አንገዛም" አላት።

ቀኑ የተጀመረው ዴራ ሰፈር በካራክ ነው። ካራክ በወተትና በሄል የሚፈላ ሻይ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይጣፍጣል። ቁጭ ብለው፣ ሳይቸኩሉ ጠጡት። ከዚያ ቅመም ገበያ ገቡ። ዘፍራኑ፣ የደረቀው ሎሚ፣ በጆንያ የተሞላው ዕጣን... "በርበሬ በረንዳ የገባሁ ነው የመሰለኝ" ትላለች ሚስት።

ወርቅ ገበያው ከዚያ ሩቅ አይደለም። እዚህ ላይ ለእናንተም የሚጠቅም ነገር ላንሳ። የዕለቱ የግራም ዋጋ ተለጥፎ ስለሚታይ በእሱ ላይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ክርክሩ በእጅ ዋጋው ላይ ነው። ካራቱንም ጠይቁ፤ 18 ካራት ከመቶው 75 እጁ ብቻ ነው ወርቅ፣ 22 ካራት ግን ከ91 እጅ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ታክስ አለ። ሆኖም ቱሪስት አገልግሎቱ ባለበት ሱቅ ከ250 ድርሃም ያላነሰ ዕቃ ሲገዛ ፓስፖርቱን ካስመዘገበ፣ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ አብዛኛውን ታክስ ያስመልሳል።

ሚስት አንድ ቀለበት አጠለቀች። ሻጩ ሚዛን ላይ አስቀመጠው፣ ካልኩሌተሩን ነካካና አሳያት። ምንም ሳትናገር መለሰችለት። ባል "ይቅርታ" ያላት ያኔ ነው። የድሮውን ቀለበቷን ከሸጠች ጀምሮ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል!

ከዚያ አብራ በሚሏት የእንጨት ጀልባ በነፍስ ወከፍ 1 ድርሃም ከፍለው ወደ ቡር ዱባይ ተሻገሩ። ጨርቅ ገበያው ውስጥ ተከራክሮ አንድ ሻርፕ ገዛላት። ማታ ዴራ ተመልሰው ሐበሻ ምግብ ቤት ምን ቢያዙ ጥሩ ነው? ሽሮ! "ለሽሮ ነው እንዴ በፕላን የመጣነው?" ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

አገር ቤት ሲመለሱስ? አክስት ጫማው ጠበባቸውና አኮረፉ። የስልኩም ሂሳብ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ጉዞ ስታስቡ መጀመሪያ የራሳችሁን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ። ዕቃ የሚያዝዝ ካለ ብሩን ቀድሞ ይስጥ። "አይመቸንም" ማለት ደግሞ ነውር አይደለም። ከሁሉ በላይ የሁለታችሁን ቀን ለመጨረሻ አታቆዩት። እነሱ ያችን ቀን በመጀመሪያው ዕለት ቢያደርጓት ኖሮ ቀለበቱ ዛሬ ጣቷ ላይ ነበር።

አሁን እንደገና እየቆጠቡ ነው። ለቀለበቱ ዱባይ አይሄዱም፤ አዲስ አበባም ወርቅ ቤት ሞልቷል!

እናንተስ የሰው ዝርዝር ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ሳምንት እስክንገናኝ፣ ሰላም ሁኑ!