ደራሽ ውሃ

በቢቸናና በሞጣ አገር ጮቄ የሚባል ታላቅ ተራራ አለ፤ ከፍታው ከ4000 ሜትር ይበልጣል። ሱሃና ሙጋ የሚባሉት ወንዞች ከዚያ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በክረምት በተራራው ላይ ብርቱ ዝናም በዘነመ ጊዜ፥ ውሃው ከየሸለቆው ተሰብስቦ ይመጣል። ስለዚህ በቆላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙ በድንገት ይሞላል። ይህም ደራሽ ውሃ ይባላል፤ ሰውንም ከብትንም ይወስዳል።

ብልህ እረኛ ወንዝ ሳይሻገር በፊት፥ በራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አያይም፤ ወደ ጮቄም ይመለከታል። ተራራው በጥቁር ደመና ተሸፍኖ ቢያገኘው፥ ወይም ውሃው ከቀድሞው ይልቅ ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ቢያመጣ፥ ወይም ከላይ የጩኸት ድምፅ ቢሰማ፥ ከብቱን መልሶ ከፍ ካለ ቦታ ይቆያል። ደራሽ ውሃ ፈጥኖ እንደሚመጣ ፈጥኖ ይጎድላል። ጥቂት የታገሠ እረኛ ማታ ከከብቱ ጋራ በደኅና ወደ ቤቱ ይገባል።