አያቴና የአልዛይመር በሽታ

አያቴ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ነገር ግን የመንደሩ የቀን መቁጠሪያ የነበሩ ሴት ናቸው። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ የማን ልጅ በየትኛው ክረምት እንደተወለደ የሚጠየቁት እርሳቸው ነበሩ። በፈትላቸው የተሠራ ጋቢ ያልለበሰ ጎረቤትም ጥቂት ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ሲደርስ ግን ‹‹ሚካኤል አለፈ እንዴ?›› ማለት ጀመሩ። ‹‹ትናንት አለፈ›› ይባላሉ፤ ቡናው ቶና ሳይደርስ ጥያቄው ይመለሳል። ጎረቤቱ ‹‹ጃጅተዋል›› ብሎ ደመደመ። ይህ ቃል ስንቱን በሽተኛ ከሐኪም እንዳስቀረ መገመት አያዳግትም።

የሚያስገርመው፣ 12 የሚካኤል፣ 21 የማርያም፣ 27 የመድኃኔ ዓለም መሆኑን ለረጅም ጊዜ አልሳቱም። የጠፋባቸው የዛሬው ቀን ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ሂፖካምፐስ የተባለውን የአንጎል ክፍል ማወቅ ያሻል። ስሙን ያገኘው ቅርጹ የባሕር ፈረስ ከሚባለው ዓሣ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። አዳዲስ ገጠመኞች ወደ ዘላቂ ትውስታ የሚለወጡት በእርሱ አማካይነት ሲሆን፣ የአልዛይመር በሽታም በአብዛኛው ቀድሞ የሚጎዳው ይህንኑ ክፍልና አካባቢውን ነው። ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ከነርቭ ሕዋሳት ውጭ ይጠራቀማል፤ ታው የተባለው ደግሞ በሕዋሳቱ ውስጥ እንደ ተወሳሰበ ክር ይተበተባል። ሕዋሳቱ እርስ በርስ መገናኘት ያቅታቸዋል፤ በመጨረሻም ይሞታሉ። ከብዙ ዓመታት በፊት የተማርነው ነገር በአንጎል ቅርፊት ላይ ተሠራጭቶ ስለሚገኝ ዘግይቶ ይጠፋል።

እነዚህን ምልክቶች ከበሽታው ጋር ያያያዘው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ ኦጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት መረመረ፤ የባሏን ስም ሲጠይቃት የራሷን ነገረችው። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አጥንቶ ግኝቱን በዚያው ዓመት ለጉባኤ አቀረበ። ጉባኤተኛው እምብዛም አላተኮረበትም።

አያቴ ስሜን ከረሱ በኋላም ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ከፍ አድርገው እንዝርቱን በጭናቸው ላይ ሲያሾሩት ክሩ እንደ ድሮው ቀጭን ሆኖ ይወጣ ነበር። የዚህ ምሥጢር በከፊል የተገለጠው ሄንሪ ሞላይሰን በተባለ አሜሪካዊ ነው። የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ እ.ኤ.አ. በ1953 በተደረገለት ቀዶ ሕክምና የሁለቱም ወገን ሂፖካምፐሱ አብዛኛው ክፍል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አያስታውስም ነበር። ይሁንና ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ በመስተዋት ብቻ እያየ ኮከብ እንዲሥል ስታለማምደው፣ መለማመዱን ፈጽሞ ሳያስታውስ እጁ ከቀን ወደ ቀን ተሻሻለ። የእጅ ሙያ በሌላ መንገድ፣ በተለይም በቤዛል ጋንግሊያና በሴሬቤለም በኩል ይቀመጣል።

በሽታው ግን በዚያ አይቆምም። በመጨረሻው ዓመት እንዝርቱም ከአያቴ እጅ ይወድቅ ጀመር፤ በ2006 ዓ.ም. አረፉ።

ፈዋሽ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ አሚሎይዱን ከአንጎል ያስወግዳል። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባሉ ሕሙማን ግስጋሴውን በመጠኑ ያዘገያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፤ የአንጎል እብጠትና መድማትም ሊያስከትል ይችላል። ነገር ግን የሚረሳ አዛውንት ሁሉ የአልዛይመር ሕመምተኛ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከምና ድብርት ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። አያቴን ያዩት ሐኪም ከሁሉ አስቀድመው የደም ምርመራ ያዘዙትም ይህንኑ ለመለየት ነበር።