«ዳሜ» ማለት «ስጠኝ» ነው

«ስፓኒሽ ከባድ ነው» የሚል ወዳጅ ሲገጥመኝ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ወረታ ገበያ ገብተህ የፎገራ ሩዝ ስትገዛ ልጁን ምን ትለዋለህ? «ስጠኝ» ይለኛል። በስፓኒሽ «ዳሜ» ነው። «ዳ» ስጥ፣ «ሜ» ኝ። ንገረኝ ደግሞ «ዲሜ»። እንግሊዝኛ «እኔን» የሚለውን ለብቻው ነጥሎ ሲያቆመው፣ ስፓኒሽ እንደኛ ከግሡ ጅራት ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ የወንዜ ልጆች፣ በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሩ፤ አቋራጩ በአማርኛ ነው።

ሻጩ አዛውንት ከሆኑ «ይስጡኝ» እንላለን፤ ስፓኒሽም «ዴሜ» ብሎ ያከብራል። «ስጪኝ» የሚባል ነገር ግን የለውም፤ ለወንድም ለሴትም ያው «ዳሜ» ነው።

ባለቤቱም እንደኛ በግሡ ውስጥ ይገባል። «ኮምፕሮ» እገዛለሁ፣ «ኮምፕራስ» ትገዛለህ፣ «ኮምፕራሞስ» እንገዛለን። «እኔ» ማለት የሚያስፈልገው ሌላ ሰው አለመሆኑን ለማስረገጥ ሲፈለግ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከብቱ እንሂድ፤ ፎገራ ያለ ከብት አይሆንምና። በሬውን አየሁት፦ «ሎ ቢ»። ላሚቱን አየኋት፦ «ላ ቢ»። «ሎ» የኛ «ት»፣ «ላ» የኛ «ኣት» ናቸው። ልዩነቱ፣ እኛ ቤቱን ስናቆላምጠው «ቤቲቱ» ብለን ጾታውን እንቀይራለን፤ በስፓኒሽ ቤት ምንጊዜም ሴት ናት። ፀሐይ ደግሞ ወንድ ነው! እኛ «ፀሐይዋን አየኋት» ስንል እነሱ «ሎ ቢ» ይላሉ።

በጣም የሚጥመኝ ቦታ ይሄ ነው። «ለእናቴ ሩዙን ሰጠኋት» ስንል እናቴ ሁለት ጊዜ ተጠርታለች፦ አንዴ በስሟ፣ አንዴ በግሡ ውስጥ። ስፓኒሽም ይህንኑ ያደርጋል፦ «ሌ ዲ ኤል አሮስ ኣ ሚ ማድሬ»። «ሌ» ያቺው «ኣት» ናት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ድግግሞሽ ሲያይ ግራ ይጋባል፤ እኛ ግን ከነወተቱ የጠጣነው ነው። «ገዛሁላት»ም «ሌ ኮምፕሬ» ነው፤ «ላት» የምንላት ምዕላድ እዚያ አንድ ቃል ሆናለች።

የምንለያየው ግን ሩዙም እናቴም በስማቸው ሳይጠሩ ሲቀሩ ነው። የአማርኛ ግሥ ለተሳቢ ያለው አንድ መቀመጫ ብቻ ነው፤ «ሰጠኋት» ስንል እናቴ ትቀመጣለች፣ ሩዙ ቆሞ ይቀራል፣ እኛም ከወሬው እንረዳዋለን። ስፓኒሽ ሁለቱንም ያስቀምጣል፦ «ሴ ሎ ዲ»። «ሌ ሎ» መሆን ነበረበት፤ ሁለት «ል» ሲከታተሉ ግን የፊተኛዋ «ሴ» ትሆናለች። እቺን ሕግ ማጥናት ነው እንጂ መላ የላትም።

ሌላው ልዩነት የስፓኒሹ ቅጥያ ተቅበዝባዥ መሆኑ ነው። «እሰጥሃለሁ» ውስጥ «ሃ» በግሡ መሀል ተሸጉጣለች፤ «ቴ ዶይ» ሲል ግን «ቴ» ከፊት ቆማለች። ትእዛዝ ሲሆን ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ «አትስጠኝ» ሲባል እንደገና ወደ ፊት ትሮጣለች፦ «ኖ ሜ ዴስ»። የኛዋ «ኝ» በ«ስጠኝ»ም በ«አትስጠኝ»ም ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም።

ይህን መንገድ በተገላቢጦሽ የሄደ ሰው ከፎገራ ብዙም ሳይርቅ ኖሯል። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1564 ስፔን ውስጥ የተወለደ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው። በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ በ1618 ግሽ ዓባይን አየ፤ በ1622 ከጣና ሰሜን ዳርቻ፣ ጎርጎራ ላይ ሞተ። «ስጠኝ»ን መጀመሪያ የሰማ ዕለት «ይሄማ ዳሜ ነው» ሳይል የቀረ አይመስለኝም።

ራስ ምታት ሲነሣበትም ቃሉን ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም ይሆናል። «ሜ ዱዌሌ» ያመኛል ነው፤ «ሜ» ያቺው «ኝ»። ሲርበው ግን ሳይደናገር አልቀረም። እኛ «ራበኝ» ስንል ረሃቡ ነው አድራጊው፤ በሱ አፍ «ቴንጎ አምብሬ» ነው፣ ቃል በቃል ሲፈታ «ረሃብ ይዣለሁ»።