መስጠት የሚያስደስተው መቼ ነው?

ለሌላው የሰጠ ሰው ራሱ እንደሚደሰት እምነቶች አስተምረዋል፤ ወላጆችም ለልጆቻቸው መክረዋል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን የቆየ ምክር በሙከራ ሲፈትሹት ቆይተዋል። ያገኙት መልስ ሁለት ገጽ አለው። መስጠት በእርግጥ ያስደስታል፤ ነገር ግን የተሰጠ ሁሉ ሰጪውን ያስደስታል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ገጽ ከአገራቸው ርቀው ለሚሠሩ ሰዎች የተለየ ትርጉም አለው። በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከደመወዛቸው ቀንሰው ለቤተሰብ ይልካሉ። ከእነዚህ መካከል በየወሩ እየሰጡ ልባቸው ግን እየደከመ የሚሄድ አሉ። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ማወቅ ለሰጪውም ለተቀባዩም ይጠቅማል።

አምስት ዶላር እና ሃያ ዶላር

ኤሊዛቤት ደን፣ ላራ አክኒን እና ማይክል ኖርተን እ.ኤ.አ. በ2008 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት በዚህ ዘርፍ ደጋግሞ ይጠቀሳል። በካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ሙከራ የተሳተፉ 46 ሰዎች ጠዋት ምን ያህል ደስተኛ እንደሆኑ ተጠየቁ። ከዚያም ለእያንዳንዳቸው 5 ወይም 20 ዶላር የያዘ ፖስታ ተሰጣቸው። ገሚሶቹ ገንዘቡን በዕለቱ ለራሳቸው እንዲያውሉት፣ ገሚሶቹ ደግሞ ለሌላ ሰው ስጦታ እንዲገዙበት ወይም ለበጎ አድራጎት እንዲሰጡት ተነገራቸው።

ማምሻውን በስልክ ሲጠየቁ፣ ገንዘቡን ለሌላ ያዋሉት ለራሳቸው ካዋሉት ይልቅ ደስተኞች ሆነው ተገኙ። የገንዘቡ መጠን ግን ልዩነት አላመጣም፤ በ5 ዶላር የተደሰተው ሰው በ20 ዶላር ከተደሰተው አላነሰም። ስለ ሙከራው የተነገራቸው ሌሎች ሰዎች ውጤቱን እንዲገምቱ ሲጠየቁ ደግሞ አብዛኞቹ ተሳስተዋል። ለራስ ማውጣት ለሌላ ከማውጣት፣ 20 ዶላርም ከ5 ዶላር ይበልጥ ያስደስታል ብለው ነበር። የሰው ልጅ የሚያስደስተውን ነገር አስቀድሞ በማወቅ ረገድ ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳት ጥናቱ ያመለክታል።

ውጤቱን ማጋነን ግን አይገባም። አክኒን እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ተመሳሳይ ሙከራዎችን በብዙ ሰዎች ላይ ሲደግሙ፣ ደስታው መኖሩን ቢያረጋግጡም መጠኑ አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። መስጠት የከፋውን ሰው ወዲያውኑ የሚፈውስ መድኃኒት ሳይሆን፣ ሲደጋገም ኑሮን የሚያጣፍጥ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

የባለጸጋ ቅንጦት አይደለም

“ያለው ይስጥ፤ የሌለው ምን ይሰጣል?” የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ከ136 አገራት የተሰበሰበ መረጃ መርምሯል። በ120ዎቹ አገራት ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ካልሰጡት ይልቅ በኑሯቸው ደስተኞች እንደሆኑ ተናግረዋል። ግንኙነቱ በሀብታምም በድሃም አገራት ታይቷል።

በዚሁ ጥናት ውስጥ በካናዳ እና በደቡብ አፍሪካ የተደረገ አንድ ሙከራ ይገኛል። ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ ጣፋጭ ወይም ጭማቂ ለራሳቸው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሆስፒታል ለተኛ፣ ፈጽሞ ለማያገኙት ሕፃን እንዲገዙ ተደረገ። በሁለቱም አገራት ለታመመው ሕፃን የገዙት የተሻለ ስሜት እንደተሰማቸው ተናግረዋል። ከደቡብ አፍሪካ ተሳታፊዎች መካከል ባለፈው ዓመት የምግብ መግዣ አጥተው የነበሩ ሰዎችም ይገኙ ነበር። የመስጠት ደስታ የተረፈውን ሰው ብቻ አይጠብቅም ማለት ነው።

ደስታውን የሚወስኑ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ኔታ ዋይንስታይን እና ሪቻርድ ራያን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ሌላውን የረዱባቸውን ቀናት እና የዕለቱን ስሜታቸውን እንዲመዘግቡ አድርገዋል። ተማሪዎቹ ወደውና ፈቅደው በረዱባቸው ቀናት ደስታቸው ጨምሯል። በጫና ወይም ወቀሳን ፈርተው በረዱባቸው ቀናት ግን ያ ደስታ አልታየም። ተመሳሳይ ሥራ፣ መነሻው ሲለያይ በሰጪው ልብ ውስጥ የሚተወው ስሜትም ይለያያል።

ሁለተኛው ውጤቱን ማየት ነው። በሌላ ሙከራ ተሳታፊዎች ለሁለት የሕፃናት መርጃዎች ገንዘብ የመስጠት ዕድል አገኙ። አንዱ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ ነበር። ሌላው እያንዳንዱ 10 ዶላር አንድ ሕፃን ከወባ የሚጠብቅ አጎበር እንደሚገዛ የሚገልጽ ዘመቻ ነበር። ሁለቱም የተከበረ ዓላማ ቢኖራቸውም፣ ሰጪዎቹ በሰጡት ልክ ሲደሰቱ የታዩት ገንዘባቸው ምን እንደሚሆን በግልጽ ባወቁበት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ቅርበት ነው። ለማይታወቅ ብዙኃን ከመስጠት ይልቅ፣ ስሙንና ችግሩን ለሚያውቁት ሰው መድረስ ልብን ይበልጥ ይነካል። የክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ሕይወት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1973 በወሎ ረሃብ ወቅት ወደ ግሸን ማርያም በሄዱበት ጊዜ በመንገድ ያዩት ስቃይ ሕይወታቸውን ለወጠው። ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም የሚያሳድጓቸው ልጆች ቁጥር 21 ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ለእልፍ ሕፃናት የደረሰ ተቋም መሥርተው መርተዋል። ያ ሁሉ ሥራ የተጀመረው ግን ዓይናቸው ካረፈባቸው ሁለት ሕፃናት ነበር።

ስጦታ ወደ ዕዳ ሲለወጥ

ገንዘብ ወደ ቤተሰብ መላክ በአንድ ጊዜ ስጦታም ግዴታም ነው። እናትን መጦር፣ እህትን ማስተማር፣ የቤት ክዳን ማደስ ላኪውን የሚያኮሩ ተግባራት ናቸው። ሆኖም ጊዜ ሲረዝም በፍቅር የተጀመረው ልገሳ እንደ ቋሚ ደመወዝ ሊቆጠር ይችላል። ስልክ ሲነሣ ከሰላምታው ቀድሞ “መቼ ትልኪያለሽ?” የሚለው ጥያቄ ከመጣ ፈቃድ ይጠፋል። ገንዘቡ የት እንደዋለ ካልተነገረ ውጤቱ አይታይም። ጨዋታውና ናፍቆቱ ቀርቶ የሐዋላው ቁጥር ብቻ ከተነገረ ቅርበትም ይሳሳል። ሦስቱም ሲጎድሉ ላኪው ብዙ እየሰጠ ምንም እንዳልሰጠ ሊሰማው ይችላል። ይህ የንፍገት ምልክት ሳይሆን፣ መስጠት ደስታ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች መጓደላቸውን የሚያሳይ ነው።

መፍትሔው ቤተሰብን መተው አይደለም። በየወሩ የሚላከውን መጠን ከቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ አስቀድሞ መወሰን፣ ለድንገተኛ ሕመምና ለቅሶ የሚሆነውን ለብቻው ማስቀመጥ ጫናውን ያቀልላል። የተላከው ገንዘብ ምን እንደሠራ መጠየቅም ነውር አይደለም። የተለወጠው ቆርቆሮ ፎቶግራፍ፣ የታናሽ ወንድም የፈተና ውጤት፣ እናት ሕክምና አግኝታ መዳኗን የምትናገርበት አጭር የድምፅ መልእክት ለላኪው ከሐዋላው ደረሰኝ የበለጠ ዋጋ አላቸው። ለራስ ጤናና ለነገ መመለሻ ጥቂት ማስቀረትም ከመስጠት ጋር አይጣላም፤ የላኪው ጉልበት ካለቀ የሚቋረጠው የቤተሰቡም ድጋፍ ነውና።

በአገር ቤት ያሉትም ድርሻ አላቸው። ከገንዘቡ ጥያቄ በፊት “እንዴት ሰነበትሽ? ሥራውስ እንዴት ነው?” ማለት ምንም ወጪ የለውም። ላኪዋን ግን ከገንዘብ ምንጭነት ወደ ልጅነቷና ወደ እህትነቷ ይመልሳታል።

እድር ያወቀው ምሥጢር

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” የሚለው ብሂል የመስጠትን ሥርዓት በአጭሩ ይገልጻል። እድር በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው። አባሉ በየወሩ የሚያዋጣው ጥቂት ነው፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ግን ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ዕቃው ይወጣል፣ ጎረቤት ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። እያንዳንዱ አባል መዋጮው ምን እንደሠራ በዓይኑ ያያል። የረዳውን ሰው በስም ያውቀዋል፤ ነገ በተራው እንደሚረዳም ይተማመናል። ደቦም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ አዝመራ በብዙዎች ክንድ ሲሰበሰብ ድካሙ ከዘፈንና ከጨዋታ ጋር ይደባለቃል። ዛሬ በሙከራ የሚረጋገጠውን ነገር የአገር ልማድ ከረጅም ጊዜ በፊት ሲሠራበት ኖሯል።

በሰው አገር መረዳዳት

ይህን ልማድ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት ይዞ መምጣት መልካም ነው፤ ሆኖም የሚኖሩበትን አገር ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የመዋጮ አሰባሰብ ሕግ ግለሰቦች የእርዳታ ገንዘብ ከሕዝብ እንዳያሰባስቡ ይከለክላል። ለታመመ ወገን በማኅበራዊ ሚዲያ ጥሪ አድርጎ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዓላማው ቅን ቢሆንም፣ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ለበጎ አድራጎት መስጠት የሚፈልግ ሰው እንደ ኤምሬትስ ቀይ ጨረቃ ባሉ ፈቃድ በተሰጣቸው ተቋማት በኩል ሊሰጥ ይችላል።

ከገንዘብ ውጭ ያለው ስጦታ ደግሞ ሰፊ ነው። ዓረብኛ የምታውቅ ሴት አዲስ ለመጣች እህት የሥራ ውሏን ብታነብላት፣ ወደ ሐኪም ቤት አብራት ሄዳ ሕመሟን ብታስረዳላት፣ የምትሰጠው ጊዜዋን ነው። ተቀባይዋ ግን መብቷን ታውቅበታለች፤ ትክክለኛውን ሕክምናም ታገኝበታለች። በዚህ ዓይነት እርዳታ ፈቃዱ፣ ውጤቱና ቅርበቱ በአንድነት ይገኛሉ።

ሰዎች እንዲህ ያለውን ትንሽ በጎነት ብዙ ጊዜ አቅልለው ይገምቱታል። አሚት ኩማር እና ኒኮላስ ኢፕሊ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ፣ በብርድ ቀን በቺካጎ መናፈሻ ለማያውቁት ሰው ትኩስ ቸኮሌት የሰጡ ሰዎች ድርጊታቸውን እንደ ቀላል ነገር ቆጥረውት ነበር። ተቀባዮቹ ግን ሰጪዎቹ ከገመቱት በላይ ተደስተዋል። ሰጪው የሚያስበው ስለ ዕቃው ነው፤ ተቀባዩን የሚያሞቀው ግን አንድ ሰው እንዳሰበለት ማወቁ ነው።

“ይህች ምን ትረባለች?” ተብላ የምትቀር ትንሽ እርዳታ፣ ለሚጠብቃት ሰው የዕለቱ ትልቅ ነገር ልትሆን ትችላለች።