የእምቧይና የአጠፋሪስ ቤተሰብ የዱር ዕፅዋት በሳቢያንና በአካባቢው፤ አለያየታቸውና አያያዛቸው

1. መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በድሬዳዋ አካባቢ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና አትክልት ለሚያመርቱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ዓላማውም በየአጥሩ ሥር፣ በየመንገዱ ዳርና በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚበቅሉትን የእምቧይ ቤተሰብ ዕፅዋት በምልክታቸው ማስተዋወቅ፣ ከዚያም የትኛው መነቀል፣ የትኛው ከእህል መራቅ፣ የትኛው ደግሞ መጠበቅ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ስትሆን፣ ዝናቧ በበልግና በክረምት የተከፈለ ነው። ሳቢያን ለከተማው የመጠጥ ውሃ በሚሰጡት የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የታወቀ ስፍራ ነው። ውሃ በቅርብ በሚገኝበት ቦታ የጓሮ አትክልት በበጋም ይለማል። ነገር ግን በውሃው ጠርዝ አረንጓዴ ሆኖ የሚከርመው አትክልቱ ብቻ አይደለም፤ የዱር ዘመዶቹም አብረው ይከርማሉ። የቲማቲምና የቃሪያ ተባይና በሽታ ከአንዱ ወቅት ወደሚቀጥለው የሚሻገረው አንዱ በዚህ መንገድ ነው። ስለሆነም ዘመዱን ከባዕዱ ለይቶ ማወቅ የዕፅዋት ሊቃውንት ሥራ ብቻ ሳይሆን የአምራቹም ጉዳይ ነው።

2. የቤተሰቡ ስፋትና የጋራ መለያው

ቤተሰቡ በሳይንስ ስሙ ሶላናሴ ይባላል። በዓለም ላይ 100 ያህል ወገኖችና ከ2,500 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ሶላኑም በሚባለው በአንድ ወገን ውስጥ ይጠቃለላሉ። ድንች፣ ቲማቲምና ደበርጃን የሶላኑም ወገን ናቸው። ቃሪያና በርበሬ እንዲሁም ትምባሆ በሌላ ወገን ቢመደቡም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በኢትዮጵያና በኤርትራ የሚገኙት የቤተሰቡ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የሁለቱ አገሮች ዕፅዋት መጽሐፍ 5ኛ ቅጽ ውስጥ ተዘርዝረዋል።

የቤተሰቡ አባል መሆኑን ለማወቅ የሚከተሉትን ምልክቶች በአንድነት መመልከት ያስፈልጋል፦

ሀ. ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተራ በተራ ይወጣሉ እንጂ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት አይተያዩም።
ለ. የአበባው ቅጠሎች አምስት ሲሆኑ ከሥራቸው ተጋጥመው እንደ ኮከብ ወይም እንደ ጥሩምባ ይሆናሉ። በውስጣቸውም አምስት ወንዴ ክሮች ይገኛሉ።
ሐ. አበባውን ከሥር የሚይዘው አረንጓዴ ጽዋ አበባው ከረገፈ በኋላም ከፍሬው ጋር ይቀራል። በቲማቲምና በደበርጃን ፍሬ ራስ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ቆብ ይኸው ነው።
መ. ፍሬው ብዙ ጥቃቅን ዘር የያዘ ለስላሳ ፍሬ ወይም ደርቆ የሚሰነጠቅ ቋት ነው።

3. የአገር ስም ብቻውን ስለማይበቃ

የአገር ስም ጠቃሚ ነው፤ መረጃ ስንሰበስብ መጀመሪያ የምንጠይቀው እርሱን ነው። ሆኖም አንድ ስም ለብዙ ተክል፣ ብዙ ስምም ለአንድ ተክል ይሰጣል። ለምሳሌ እምቧይ የሚለው ስም ለበርካታ የሶላኑም ዝርያዎች ያገለግላል። ከዚህም አልፎ የምድር እምቧይ የሚባለው ተክል የዱባና የዱባ መሰሎች ቤተሰብ አባል እንጂ ከእምቧይ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቲማቲም የሚጎዳውን በሽታ ፈርቶ እርሱን መንቀል ከንቱ ድካም ነው። አውጥ የሚለው ስምም እንደየአካባቢው ለሁለት የተለያዩ ወገኖች ይነገራል። በፍሬ ቀለምና በስም ብቻ የቆመ አመዳደብ የእምቧይ ካብ ነው፤ ጥቂት ሲነኩት ይናዳል።

በድሬዳዋ ገበሬውና አርብቶ አደሩ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ስለሚነጋገር የልማት ሠራተኛው በሦስቱም ቋንቋዎች የሚነገሩትን ስሞች መመዝገብ ይኖርበታል። ለምሳሌ እምቧይ በኦሮምኛ ሂዲ፣ አጠፋሪስ ደግሞ አሳንግራ ይባላሉ።

4. በመስክ ላይ መለያ

ተክሉ የቤተሰቡ አባል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በሚከተለው ቅደም ተከተል መመርመር ይቻላል።

ሀ. ፍሬው እሾሃማ ደረቅ ቋት፣ አበባው ረጅም ጥሩምባ ከሆነ፦ አጠፋሪስ ነው። አስተናግር ተብሎም ይጠራል። የሳይንስ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው። ቅጠሉ ሰፊና ጠርዙ ጥርሳም ሲሆን ሲታሽ መጥፎ ሽታ አለው። ቋቱ ሲደርቅ ለአራት ይከፈላል። ዘሩ ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት መሰል፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው።

ለ. ግንዱ ወይም ቅጠሉ እሾህ ያለው፣ አበባው ሐምራዊ ኮከብ፣ ፍሬው ሲበስል ቢጫ የሚሆን ከሆነ፦ እምቧይ ነው፤ ሶላኑም ኢንካኑም ወይም የቅርብ ዘመዱ። ቅጠሉ በአመድማ ለስላሳ ጠጉር የተሸፈነ ነው። ቅጠሉ ነጭ ጠርዝ ያለው፣ በከፍተኛ ስፍራ የሚበቅለው ግን ሶላኑም ማርጂናቱም የተባለ ሌላ ዝርያ ነው።

ሐ. እሾህ የሌለው ለስላሳ አረም፣ አበባው ትንሽና ነጭ፣ ፍሬው እንደ አተር የሚያህልና በዘለላ የተንጠለጠለ ከሆነ፦ ጥቁር አውጥ ነው። ይህ አንድ ዝርያ ሳይሆን የብዙ ዝርያዎች ስብስብ ነው። ፍሬው ሲበስል ብርቱካንማ ወይም ቀይ የሚሆነው ሶላኑም ቪሎሱም፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር የሚሆነው ሶላኑም አሜሪካኑም ነው። ልዩነታቸው እስከ ሕዋሳቸው ይደርሳል፤ ሶላኑም አሜሪካኑም 24፣ ሶላኑም ቪሎሱም 48፣ ሶላኑም ኒግሩም ደግሞ 72 ክሮሞሶሞች አሏቸው።

መ. እሾህ የሌለው አመድማ ቁጥቋጦ፣ ትንሹ ቀይ ፍሬ ስስ ወረቀት በመሰለ ሽፋን የተከበበ ከሆነ፦ ግዛዋ ነው፤ ዊታኒያ ሶምኒፌራ።

ሠ. ሽፋኑ እንደ ፋኖስ የተነፋ፣ በውስጡ ያለው ፍሬ ሲበስል ቢጫ፣ ተክሉም ለስላሳ አረም ከሆነ፦ የፊሳሊስ ወገን ነው። በአንዳንድ ስፍራ አውጥ የሚባለው ይህ ነው።

ረ. ቅርንጫፉ በእሾህ የሚያልቅ፣ ቅጠሉ ጥቃቅን፣ ፍሬው ትንሽና ቀይ የሆነ የደረቅ ቆላ ቁጥቋጦ ከሆነ፦ የሊሲየም ወገን ነው።

አበባና ፍሬ የሌለውን ተክል በቅጠሉ ብቻ መወሰን አይገባም። ጥርጣሬ ካለ አበባና ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይደርቃል። የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና የአገር ስሙ ተጽፎበትም ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ይላካል።

5. አጠፋሪስና እህል

ከዝርዝሩ ሁሉ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋው አጠፋሪስ ነው። ሥሩ፣ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ አበባውና ዘሩ በሙሉ መርዝ አላቸው። መርዙ አትሮፒን፣ ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የተመረዘ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ የልቡ ምት ይፈጥናል፣ ይቃዣል፣ ሰው መለየት ያቅተዋል። መርዙ በምግብ ማብሰል ይጠፋል ተብሎ ሊታመን አይገባም።

አደጋው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ተክሉን ሆን ብሎ በመብላት ሳይሆን ዘሩ ከእህል ጋር በመቀላቀሉ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በኡጋንዳ ካራሞጃ ለእርዳታ የተከፋፈለ የዱቄት ምግብ ከዚህ ዓይነት ተክል በሚገኘው መርዝ ተበክሎ በመገኘቱ 300 ያህል ሰዎች ታመዋል፣ 5 ሰዎችም ሞተዋል። ያ ምግብ በዘመናዊ ፋብሪካ የተዘጋጀ ነበር። በበሬ ወይም በዱላ የሚወቃው የእኛ ማሽላማ የሚጠበቀው በገበሬው ዓይንና በወንፊት ነው።

የአጠፋሪስ ዘር በመሬት ውስጥ ዕድሜው ረጅም ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ባቡሩ ድሬዳዋ በደረሰበት ዓመት መሆኑ ነው፣ በአፈር ተቀብሮ ከ39 ዓመት በኋላ የወጣ ዘር አብዛኛው በቅሏል። ስለሆነም አንድ ተክል ዘሩን እንዲያፈስ መፍቀድ ለልጅ ልጅ አረም ማውረስ ነው።

6. የዱር ዘመዶችና የአትክልት ተባይ

ተባይና በሽታ ቤተሰብ ያውቃል። የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ ሰርሳሪው ቱታ አብሶሉታ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባ፤ ከዚያም ወደ አፍሪካ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ አገራችን ደርሷል። ይህ ተባይ ቲማቲም ባጣ ጊዜ በጥቁር አውጥና በአጠፋሪስ ላይ ሊቆይ ይችላል። ቲማቲምንና ድንችን የሚያጠወልገው ራልስቶኒያ የተባለው ባክቴሪያ፣ በሥር ላይ እብጠት የሚያወጡት ኒማቶዶች፣ እንዲሁም ቅጠል አጠቅላይ ቫይረስ የሚያስተላልፈው ነጭ ዝንብ በእነዚሁ ዘመዶች ይጠለላሉ።

ስለዚህ በቲማቲም ማሳ ላይ ቃሪያ ወይም ድንች መከተል ሰብል ማፈራረቅ አይደለም፤ ቤቱ ያው፣ ቤተሰቡም ያው ነው። እንደ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ በቆሎና ማሽላ ያሉ ባዕዳን ሰብሎች መግባት አለባቸው። እነዚህ ሲገቡም በማሳው ውስጥ ጥቁር አውጥ ከቀረ ማፈራረቁ ዋጋ ያጣል።

7. ሁሉም ለምን አይነቀሉም

ከላይ የተባለው ሁሉ የዱር ዘመዶችን ከምድር ለማጥፋት አያበቃም። እምቧይ የደበርጃን የቅርብ ዘመድ ነው። ድርቅን መቋቋሙ ስለታወቀም ተመራማሪዎች ከደበርጃን ጋር አዳቅለውታል። በአገራችን ፍሬው ለቆዳ ማልፊያ ሲያገለግል ኖሯል። ግዛዋ በባህላዊ መድኃኒትነቱ የታወቀ ሲሆን፣ ሥሩ በህንድ አሽዋጋንዳ በሚል ስም ለገበያ ይቀርባል። የጥቁር አውጥ ቅጠል በኬንያና በታንዛኒያ ተቀቅሎ የሚበላ የታወቀ ጎመን ነው። ሆኖም ዝርያዎቹ ስለሚለያዩና ያልበሰለው ፍሬ መርዝ ስላለው በቂ ዕውቀት የሌለው ሰው ሊሞክረው አይገባም።

በመሆኑም በማሳና በችግኝ መደብ ዙሪያ ያለው ይነቀላል፤ በተራራው፣ በግጦሹና በወንዙ ማዶ ያለው ይጠበቃል። ልዩነቱ አጠፋሪስ ነው፤ እርሱ ከመጤ አረሞች አንዱ ስለሆነ በእርሻና በመኖሪያ አካባቢ በተገኘበት ሁሉ ይነቀላል።

8. ለማኅበራት የሚመከር የሥራ ቅደም ተከተል

1ኛ. ችግኝ ከመፍላቱ በፊት በመደቡና በውሃ መውረጃው ዳር ያሉትን ጥቁር አውጥና አጠፋሪስ ከሥራቸው ነቅሎ ማስወገድ።
2ኛ. አጠፋሪስን አበባ ከማውጣቱ በፊት መንቀል። ቋት ከያዘ በጆንያ ሰብስቦ ማቃጠል፤ ለከብት መኖ ወይም ለብስባሽ አለመጠቀም። ሲያቃጥሉ ከጭሱ መራቅ፣ ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ባልታጠበ እጅ ዓይንን አለመንካት።
3ኛ. ማሽላ ከመታጨዱ በፊት ማሳውን ዞሮ የቀረውን አጠፋሪስ ማውጣት፤ በውቂያ ጊዜም አውድማውን መጥረግ።
4ኛ. ማኅበሩ እህል ሲረከብ ከየጆንያው ናሙና በነጭ ጨርቅ ላይ በትኖ ጥቁሩን ጠፍጣፋ ዘር መፈለግ። ከተገኘ እህሉ ሳይበጠርና በወንፊት ሳይለይ ወደ ወፍጮ አይሄድም።
5ኛ. የመመረዝ ምልክት የታየበትን ሰው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፤ የተበላውን እህል ወይም ተክል ናሙናም አብሮ መያዝ።

9. ማጠቃለያ

እነዚህ ዕፅዋት በአንድ አጥር ሥር ጎን ለጎን በቅለው ይገኛሉ፤ አንዱ የተባይ መጠለያ፣ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ ገዳይ ነው። የሚለያቸውም የፍሬው ቅርጽ፣ የጽዋው ሽፋንና የእሾሁ መኖር አለመኖር ነው። የልማት ሠራተኛው በመጀመሪያው የማኅበር ስብሰባ ላይ የአጠፋሪስን ቋትና ዘር በእጁ ይዞ ቢያሳይና አባላቱ በዓይናቸው ቢለዩት፣ ከዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር በሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።