ንግሥቲቱን መግደል ለምን አይበቃም? ምስጥን ከመኖሪያ ቤትና ከግቢ የመከላከል ሳይንሳዊ መሠረት

መግቢያ

በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በምዕራብ ወለጋ የመንዲ፣ የነጆና የጃርሶ አካባቢዎች፣ ምስጥ ሰብልንና የግጦሽ መሬትን ብቻ ሳይሆን መኖሪያ ቤትንም የሚያፈርስ ተባይ ሆኖ ከታወቀ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። በባሕር ዛፍ እንጨት የቆመ የጭቃ ቤት ከውጭ ሲታይ ጤናማ መስሎ ሳለ፣ ከመሬት በታች ያለው የቋሚው እንጨት ጫፍ ተበልቶ አልቆ ሊገኝ ይችላል። ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ቤትን በየጊዜው ማደስ ለእንጨትና ለጉልበት የሚወጣ ተደጋጋሚ ወጪ ነው፤ ምትክ እንጨት በተቆረጠ ቁጥርም የአካባቢው ዛፍ ይመናመናል።

ችግሩን ለመፍታት ለረጅም ጊዜ ሲሠራባቸው የቆዩት ዋና ዋና መንገዶች ኩይሳን ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣትና አፈርን በመርዝ ማከም ናቸው። ሁለቱም የሚነሡት ምስጥን ከአካባቢው ፈጽሞ ማጥፋት ይቻላል ከሚል እሳቤ ነው። ይህ ጽሑፍ የምስጥን አኗኗር መነሻ በማድረግ፣ ይህ እሳቤ ለምን እንደማያዛልቅ ያብራራል፤ በምትኩም የቤቱን እንጨት ከአፈር የሚለይ አሠራር ለምን መቅደም እንዳለበት ያሳያል።

ተባዩን በትክክል መለየት

የመከላከሉ ሥራ የሚጀምረው እንጨቱን የጎዳው ምን እንደሆነ በማወቅ ነው። በቤት ውስጥ እንጨት የሚያበላሹ ነፍሳት በአብዛኛው ከሦስት ወገን ይሆናሉ፤ ምስጥ፣ ጉንዳንና ነቀዝ። ነቀዝ በእንጨቱ ላይ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችንና ደቃቅ ዱቄት ትቶ ይታወቃል። ካምፖኖተስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚመደቡ እንጨት ቦርቧሪ ጉንዳኖች ደግሞ እንጨትን አይመገቡም፤ ብዙውን ጊዜ የረጠበ ወይም የበሰበሰ እንጨት ቦርቡረው ጎጆ ይሠሩበታል፤ ፍርፋሪውንም ወደ ውጭ ይጥሉታል። ስለዚህ የጉንዳን መኖር በአመዛኙ የሚጠቁመው ጣሪያው እንደሚያፈስ ወይም እንጨቱ እንደበሰበሰ ነው፤ መፍትሔውም ፍሳሹን መድፈንና የተበላሸውን እንጨት መለወጥ ነው።

ምስጥ ግን እንጨቱን ራሱን ይመገባል፤ የበላበትንም ክፍት በአፈር ይሞላዋል። በግድግዳ ወይም በምሰሶ ላይ የሚታይ የጭቃ መተላለፊያ የእርሱ ዋና ምልክት ነው። በክረምት መግቢያ በብዛት የሚወጣውና «እንደ አሸን ፈላ» ለሚለው አነጋገር መነሻ የሆነው አሸንም ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። አሸን አራቱም ክንፎቹ እኩል ርዝመት ሲኖራቸው ወገቡም ወፍራም ነው፤ ክንፍ ያለው ጉንዳን ግን የፊት ክንፎቹ ከኋላዎቹ የረዘሙ፣ ወገቡም የቀጠነ ነው። በቤት ውስጥ የረገፈ የአሸን ክንፍ በብዛት ከተገኘ፣ ጎጆው በቅርብ ወይም በቤቱ ሥር ሊሆን ስለሚችል ጥብቅ ፍተሻ ያስፈልጋል።

የኩይሳው አሠራር

በዓለም ላይ ከሚታወቁት ወደ 3000 የሚጠጉ የምስጥ ዝርያዎች ውስጥ በተባይነት የሚፈረጁት ከ10 በመቶ ያነሱ ናቸው። አብዛኞቹ የወደቀ ቅጠልና የደረቀ ሣር በማብላላት፣ አፈርንም በማናፈስ ለመሬቱ የሚጠቅሙ ናቸው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ጉዳት በማድረስ ከሚታወቁት መካከል ማክሮተርምስ ሰብሃያሊነስ፣ ማክሮተርምስ ሄረስና ፕሱዳካንቶተርምስ ሚሊታሪስ ይገኙበታል።

እነዚህ ዝርያዎች ፈንገስ አብቃዮች ናቸው። ሠራተኞቹ ምስጦች የቆረጡትን ሣርና እንጨት ውጠው ወደ ጎጆ ይመለሳሉ፤ በከፊል የተፈጨውንም ጥራጊ ተርሚቶማይሲስ ለተባለ ፈንገስ መደብ ያደርጉታል። ፈንገሱ ለምስጦቹ አስቸጋሪ የሆነውን የእንጨት ክፍል ሲያላላው፣ እነርሱ በተራቸው የበሰለውን መደብ ይመገባሉ። በክረምት በኩይሳ አጠገብ የሚበቅለውና የሚበላው እንጉዳይም የዚሁ ፈንገስ ፍሬ ነው። ፈንገሱ የረጋ ሙቀትና እርጥበት ስለሚሻ ኩይሳው አየሩን የሚያመጣጥን ሕንፃ ሆኖ ይሠራል።

ከኩይሳው ሥር የሚነሡ ጠባብ መንገዶች በአፈር ውስጥ በየአቅጣጫው አሥርና ከዚያም በላይ ለሆኑ ሜትሮች ይዘረጋሉ። ስለሆነም ቤቱን የሚበላው ምስጥ ጎጆ ከግቢው አጥር ውጭ፣ በጎረቤት ማሳ ወይም በጋራ ግጦሽ መሬት ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ አንድ ባለቤት ብቻውን የሚያደርገውን የማጥፋት ዘመቻ ከመነሻው ያዳክመዋል።

ንግሥቲቱን ማውጣት የሚገጥመው ገደብ

ንግሥቲቱ በቀን በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን የምትጥል በመሆኗ፣ እርሷ ከጠፋች ጎጆው ይጠፋል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል። ሆኖም አራት ምክንያቶች የዚህን ስልት ውጤት ይገድቡታል።

አንደኛ፣ የንግሥቲቱ ክፍል በጠንካራ ጭቃ የታጠረ ስለሆነ ቁፋሮው ከባድ ጉልበት ይጠይቃል፤ በአንዳንድ የማክሮተርምስ ጎጆዎችም ከአንድ በላይ ንግሥት ስለምትኖር አንዷን ያገኘ ሰው ሥራውን እንደጨረሰ ሊቆጥር ይችላል። ሁለተኛ፣ በጎጆው ውስጥ ክንፍ ሊያወጡ የተቃረቡ ምስጦች ካሉ፣ ከእነርሱ መካከል ተተኪ ንጉሥና ንግሥት ሊወጡ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ተተኪ ባይገኝም በሕይወት ያሉት ሠራተኞች እስኪያልቁ ድረስ እንጨት መብላታቸውን አያቆሙም። አራተኛና ዋነኛው ምክንያት፣ የጠፋው ጎጆ ይዞት የነበረው መሬት ባዶ ሆኖ አለመቆየቱ ነው። በዙሪያው ያሉ ጎጆዎች መንገዳቸውን ያስፋፋሉ፤ በየዓመቱ የሚወጣው አሸንም አዳዲስ ጎጆዎችን ይመሠርታል። ከዚህም ሌላ፣ እንደ ማይክሮተርምስ ያሉ ወገኖች ከመሬት በላይ የሚታይ ኩይሳ ስለማይሠሩ፣ በቁፋሮ ዘመቻ ጨርሶ አይነኩም።

ይህ ማለት ግን ቁፋሮው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በግቢ ውስጥ ወይም ከቤቱ አጠገብ ያለ ኩይሳ ሲሆን፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ ከፈንገስ መደቦቹ ጋር አብረው እንዲወጡ ተደርጎ ከተቆፈረ፣ በቤቱ ላይ ያለው ጫና ለተወሰነ ጊዜ ይቀንሳል። ስሕተቱ ይህን ጊዜያዊ እፎይታ ዘላቂ መፍትሔ አድርጎ መውሰድ ነው።

መርዝ፦ ጥቅሙና የሚያስከፍለው ዋጋ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር ለምስጥ መከላከያ በዓለም ዙሪያ በስፋት ያገለግሉ ነበር። ተፈላጊ ያደረጋቸው አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይፈርሱ መቆየታቸው ነው፤ እንዲታገዱ ያደረጋቸውም ይኸው ባሕርያቸው ነው። አራቱም እ.ኤ.አ. በ2001 በተፈረመውና በ2004 ሥራ ላይ በዋለው የስቶክሆልም ስምምነት ከመጀመሪያዎቹ 12 ኬሚካሎች መካከል ተካተዋል። እነርሱን ከተኳቸው አንዱ የሆነው ክሎርፓይሪፎስም እ.ኤ.አ. በ2025 ከተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች ጋር በዚሁ ስምምነት መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት መርዞች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። እንደ ፓይረትሮይድ ያሉት ምስጥን ያባርራሉ፤ በመሆኑም በታከመው አፈር መካከል ያልተነካ ክፍተት ከቀረ ምስጡ ፈልጎ ያልፍበታል። እንደ ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ ያሉት ግን ለምስጡ አይታወቁትም፤ ሠራተኞቹ ሲላላሱና ሲመጋገቡ መርዙን እርስ በርስ ያስተላልፋሉ። እነዚህም ቢሆኑ ለንብና በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት አደገኛ ናቸው። ወለሉ አፈር በሆነ ቤት፣ ልጆች መሬት ላይ በሚጫወቱበትና የጉድጓድ ውኃ በቅርብ በሚቀዳበት ግቢ ውስጥ አፈርን በመርዝ ማራስ የሚያስከትለው አደጋ ከሲሚንቶ ወለል ቤት እጅግ የተለየ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ በሠለጠነ ባለሙያ፣ በተመዘገበ መድኃኒትና በልኩ ብቻ መከናወን ይኖርበታል።

ሌሎች አማራጮችም በጥናት ላይ ናቸው። ምስጡ ቆዳውን እንዳይለውጥ የሚያደርግ ቀስ ብሎ የሚገድል ማጥመጃ ምግብ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሌሎች አገሮች ጥቅም ላይ ውሏል፤ ውጤቱ ግን ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ሜታራይዚየም የተባለው ነፍሳት ገዳይ ፈንገስም በኢትዮጵያ ጭምር ተሞክሯል። እዚህ ላይ ፈታኙ ነገር ምስጦች የታመመውን ከጤነኛው የመለየትና የሞተውን የመቅበር ልማድ ያላቸው መሆኑ ነው፤ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የታየው የመግደል አቅም በኩይሳ ውስጥ ሊደገም የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንጨትን ከአፈር መለየት

ምስጥ ሰውነቱ ስስ በመሆኑ ለደረቅ አየርና ለፀሐይ ከተጋለጠ ፈጥኖ ይሞታል። ስለዚህ ከአፈር ወደ እንጨት በቀጥታ መግባት ካልቻለ፣ በሚታይ ቦታ ላይ የጭቃ መተላለፊያ ለመሥራት ይገደዳል። የመከላከያው ስልት በዚህ ድክመት ላይ ይመሠረታል።

በባህላዊው የጭቃ ቤት ቋሚው እንጨት መሬት ውስጥ ስለሚተከል ምስጡ ሳይታይ ይገባል። ቋሚው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይና የሲሚንቶ መሠረት ላይ ሲቆም ግን ይህ ስውር በር ይዘጋል። በመሠረቱና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ ወደ ውጭና ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ ቢገባ፣ ምስጡ ጠርዙን ዞሮ ለማለፍ የሚሠራው ጭቃ በግልጽ ይታያል። ቆርቆሮው ምስጡን ፈጽሞ አያቆመውም፤ ጠቀሜታው ተሰውሮ እንዳያልፍ ማድረጉ ላይ ነው። በአንጻሩ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ወይም በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይ መተላለፊያ ስለሚሆን አስተማማኝ አይደለም። በሃዋይና በአውስትራሊያ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የተፈጨ ድንጋይ በመሠረት ሥር ይነጠፋል፤ ጠጠሩ ምስጡ ሊያነሣው የማይችል ትልቅ፣ ክፍተቱም ሊያልፍበት የማይችል ጠባብ ነው። የጠጠሩ ልክ በምስጡ ጭንቅላት መጠን የሚወሰን ስለሆነ፣ ለማክሮተርምስ የሚስማማውን መለየት ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ተገቢ የጥናት ርእስ ነው።

የእንጨቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። የሐበሻ ጥድ ውስጠኛው እንጨት በተፈጥሮው ምስጥን የሚቋቋም በመሆኑ ለአጥርና ለምሰሶ ሲመረጥ ኖሯል። በወጣትነቱ የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ግን አብዛኛው ክፍሉ ገና ያልጠነከረ ውጫዊ እንጨት ስለሆነ በቀላሉ ይበላል። የቋሚውን ጫፍ በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም፣ ዘይቱ ጠልቆ አይገባም፤ በውስጡ ያሉት ከባድ ብረቶችም አፈርንና ውኃን ይበክላሉ። አመድም ደረቅ እስከሆነ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ያግዝ ይሆናል እንጂ ዝናብ ሲያገኘው ይታጠባል።

የግቢው አያያዝ

የማገዶ ክምር፣ የጭድ ቁልልና የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ከግድግዳ ጋር ተያይዘው ሲቀመጡ ለምስጥ ድልድይ ይሆናሉ። ማገዶን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ረድፍ ላይ መደርደር፣ የጣሪያ ውኃ ከመሠረቱ እንዲርቅ ማድረግና ግድግዳውን በየወሩ መፈተሽ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። የታየ የጭቃ መተላለፊያም ከመፍረሱ በፊት መነሻው መጣራት አለበት።

ይሁን እንጂ ንጽሕናው ከቤቱ ዙሪያ አልፎ መላውን መሬት ማራቆት የለበትም። ከመጠን በላይ በመጋጡ ሣሩና ረጋፊ ቅጠሉ ባለቀ መሬት ላይ ለምስጡ የሚቀረው ምግብ ሰብሉና የቤቱ እንጨት ነው። ከቤቱ ራቅ ባለው መሬት ላይ ሣርና ገለባ እንዲቀር ማድረግ፣ ግጦሽን ማሳረፍና ዛፍ መትከል የቤቱ መከላከያ አካል መሆናቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጠቃለያ

ምስጥ የአንድ ኩይሳ ወይም የአንዲት ንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ ከአካባቢው አፈርና ዕፅዋት ጋር የተሳሰረ ሕይወት ነው። ቁፋሮም ሆነ መርዝ ጫናውን ለጊዜው ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ቤቱ መሬት ውስጥ በተተከለ ተራ እንጨት ላይ እስከቆመ ድረስ ግን ጥቃቱ ይመለሳል። ስለዚህ የሚመከረው ቅደም ተከተል ተባዩን መለየት፣ እንጨትን ከአፈር መለየት፣ ግቢውን መያዝና መፈተሽ፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በቅርብ ያለውን ኩይሳ ማስወገድ ሲሆን፣ መርዝ የመጨረሻው አማራጭ ይሆናል። የድንጋይ መሠረት መጀመሪያ ላይ ከእንጨት ይልቅ ውድ ነው። የግብርናና የቤት ልማት ድጋፎች ለርጭት ከሚመድቡት ከፊሉን ለዚህ ቢያውሉ፣ ቤተሰቡም ሆነ የአካባቢው ዛፍ ከተደጋጋሚው ኪሳራ ሊያርፉ ይችላሉ።